«ዛራቴም እንዲህ ሲደረግበት ጓንቱን ሰቅሏል»፦ ለአንድ አባት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ከቤተሰቤ ጋር ሎስ አንጀለስ ከከተምን ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። ልጄ 22 ዓመቱ ነው፤ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ ሜክሲኳውያን በሚበዙበት ጂም ቦክስ ይሠራል። ቡጢው ከባድ ነው ይሉታል፤ አብዛኛውን ግጥሚያውን ያሸነፈውም በዝረራ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በአማተሮች ውድድር ፍጻሜ ላይ አብሮት ከሚሠለጥነው ከገዛ ጓደኛው ጋር ተገናኝቶ፣ 3 ለ 2 በሆነ የዳኞች ድምፅ ተሸነፈ። ሕዝቡ ጮኸ፤ እኔም ያሸነፈው የእኔ ልጅ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጂም አልሄደም፤ ቦርሳውና ጓንቱም እዚያው ቀርተዋል። ስጠይቀው አሠልጣኙ ፎቶውን ግድግዳ ላይ የሰቀለለትን ካርሎስ ዛራቴ የሚባል ሜክሲኳዊ ጠቅሶ፣ “ዛራቴም እንዲህ ሲደረግበት ጓንቱን ሰቅሏል፤ ክብሩን ይዞ ወጥቷል” ይለኛል። እውነቱን ልናገርና ይህን ስፖርት እኔም እናቱም ወደንለት አናውቅም፤ በመተዉ በሆዴ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ልጁ በቅጡ አይበላም፣ አያወራም። ዝም ልበል ወይስ ተመለስ ልበለው?» (አባት፣ ከሎስ አንጀለስ)

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ምላሼ ከወትሮው የረዘመው ልጅዎ በጠራው ምስክር ምክንያት ነው። ቦክስ የሚወድ ሰው የካርሎስ ዛራቴ ስም ተነሥቶ በሁለት መስመር ማለፍ አይሆንለትም፤ ከዚህም በላይ ለምስክርነት የተጠራ ሰው ግማሹን ብቻ ተናግሮ እንዲቀመጥ አይደረግም። ልጅዎ የነገረዎት ታሪክ ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ከመካከሉ ተቆርጦ የቀረ ታሪክ ነው። ቀሪውን ክፍል እርስዎም ልጅዎም ብትሰሙት ይጠቅማል ብዬ ስለማምን፣ መጀመሪያ እሱን አወራለሁ፤ ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዛራቴ በ1951 የተወለደው በሜክሲኮ ሲቲ ቴፒቶ በሚባለው ሰፈር ነው። ቴፒቶ በመንገድ ላይ ገበያው፣ በድህነቱና ቦክሰኛ በማፍራቱ የታወቀ ሰፈር ነው። በ1970 ፕሮፌሽናል ሆኖ ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 23 ተጋጣሚዎቹን በሙሉ በዝረራ አሸነፈ። በ1974 አንድ ሰው አሥሩን ዙር በእግሩ ቆሞ ጨርሶ በነጥብ ብቻ ተሸነፈለት፤ ከዚያም ዛራቴ ያንን ምሽት ለመካስ የፈለገ ይመስል ተከታዮቹን 28 ሰዎች አንድም ሳያስተርፍ ዘረረ። በዚህ አኳኋን እስከ 1978 ድረስ 52 ጊዜ አሸንፎ፣ ከእነዚህ መካከል ወደ ዳኞች ወረቀት የሄደው አንዱ ብቻ ነበር። የሕይወት ዘመኑ ድምር 66 ድልና 4 ሽንፈት ሲሆን፣ ከድሎቹ 63ቱ የዝረራ ናቸው። በቦክስ ታሪክ ከፍ ባለ ደረጃ ከተጋጠሙት መካከል እንዲህ ያለ ስሌት ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን ቁጥር ብቻ የሰማ ሰው ዛራቴን ራሱን ደፍቶ እንደሚገባ ኮርማ ሊስለው ይችላል፤ ልጅዎም እንዲህ እንዳይስለው እሰጋለሁ። ሰውየው እንዲያ አልነበረም። ባንታምዌት የሚባለው ክብደት 53.5 ኪሎ ግራም ነው፤ ዛራቴ ለዚህ ክብደት ረጅም፣ ክንደ ረጅምና እጅግ ታጋሽ ነበር። ግራ እጁን ቀስ ብሎ እየዘረጋ ርቀቱን ይለካል፣ ተጋጣሚው የሚሸሽበትን አቅጣጫ ያጠናል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀኙን የሚልከው፤ ግራውም ወደ ጉበት ሲገባ ያረፈበት ሰው መውደቁን ራሱ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ከዘረራቸው ሰዎች ብዙዎቹ የወደቁት በጉልበቱ ብዛት ሳይሆን ቡጢው በማይጠብቁት ሰዓት ስለደረሰባቸው ነው። ከባድ ቡጢ ያለው ልጅ ከዛራቴ የሚማረው ይህንን ነው፤ ጓንት መስቀልን አይደለም።

የዓለም ቦክስ ምክር ቤትን የሻምፒዮንነት ቀበቶ የወሰደው ሜይ 8 ቀን 1976 ሲሆን፣ የአገሩን ልጅ ሮዶልፎ ማርቲኔዝን በ9ኛው ዙር የዘረረው እናንተ ከምትኖሩበት ብዙም በማይርቀው በኢንግልዉዱ ፎረም አዳራሽ ነበር። በዓመቱ፣ በኤፕሪል 1977፣ በዚያው አዳራሽ ከአልፎንሶ ዛሞራ ጋር ተገናኘ። ዛሞራ በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ ያገኘ፣ በሌላው ድርጅት በዓለም ቦክስ ማኅበር በኩል የዚያው ክብደት ሻምፒዮን የነበረ ወጣት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ ከሌሎች ሰዎች ጋር በድምሩ 74 ጊዜ ተጋጥመው 74 ጊዜ ያሸነፉ፣ ከዚህም ውስጥ 73ቱን በዝረራ የጨረሱ ነበሩ። ሁለቱ ድርጅቶች ባለመስማማታቸው ቀበቶ አልተያዘበትም፤ አሥር ዙር ብቻ ተባለ፤ ያም ሆኖ አራተኛውን ዙር አልተሻገረም። ሁለቱም በአንድ ወቅት በማኔጀሩ በአርቱሮ ሄርናንዴዝ ሥር የነበሩ ሲሆን፣ የዛሞራ ውል በኋላ ወደ አባቱ ተላልፎ ነበር። ልጁ ወድቆ ሲነሣ፣ ተነሥቶ ሲወድቅ ያዩት እኒያ አባት ናቸው ግጥሚያው ይቁም ብለው ፎጣውን ወደ ሪንግ የወረወሩት። ይህን የምጠቅሰው ለእርስዎ ብዬ ነው፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሁን ልጅዎ ወደሚያውቀው ምሽት እንምጣ። ዛራቴ በኦክቶበር 1978 አንድ ክብደት ከፍ ብሎ፣ ፖርቶ ሪኮ ድረስ ሄዶ ከዊልፍሬዶ ጎሜዝ ጋር ተጋጠመና በአምስተኛው ዙር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፈ። ወደ ቀድሞ ክብደቱ ተመልሶ ቀበቶውን እንደያዘ፣ ጁን 3 ቀን 1979 ላስ ቬጋስ ላይ ሉፔ ፒንቶር ቀረበለት። ፒንቶር ባዕድ አልነበረም፤ በዚያው በሄርናንዴዝ ቤት ያደገ፣ ዛራቴ ሲለማመድ ያየው፣ ቡጢው መቼና ከየት እንደሚነሣ በቅርብ የሚያውቅ የቤት ልጅ ነበር። አባቶቻችን «እህል ቢያንቅ በውኃ ይዋጣል፤ ውኃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» የሚሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ዛራቴ በአራተኛው ዙር ጣለው፤ ግን ሊጨርሰው አልቻለም፤ ግጥሚያውም አሥራ አምስቱን ዙር ዘልቆ ዳኞች ዘንድ ደረሰ። አንዱ ዳኛ 145 ለ 133 ለዛራቴ ሰጠ፤ ሁለቱ ደግሞ 143 ለ 142 ለፒንቶር ሰጡ። በአንድ ሪንግ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱን ግጥሚያ ከተመለከቱ ሦስት ሰዎች መካከል አንዱ የአሥራ ሁለት ነጥብ ብልጫ ሲያይ፣ ሁለቱ በተቃራኒው አንድ ነጥብ አዩ ማለት ነው። ብዙ ሰው ዛራቴ ተቀምቷል ይላል፤ እኔም ከሚሉት ወገን ነኝ። እንግዲህ ልጅዎ በቁጭቱ ሞኝ አይደለም፤ የመረጠውም ምሳሌ ከእሱ ጉዳይ ጋር በሚገርም ሁኔታ ይመሳሰላል፦ አንድ ቤት የሚጋሩ ሁለት ልጆች፣ ከባድ ቡጢ፣ የተከፈለ ድምፅ።

ዛራቴ በንዴት ጓንቱን ሰቀለ። 28 ዓመቱ ነበር። የልጅዎ ታሪክ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

የዛራቴ ግን አላበቃም። ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ፣ በ1986፣ ወደ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ሲቃረብ ተመልሶ መጣ። ሰው በሠላሳ አምስት ዓመቱ ምን ያስቸኩለዋል ይሉ ይሆናል፤ ለባንታምዌት ግን ይህ ዕድሜ እርጅና ነው፤ ቀላል ክብደት ላይ ሁሉ ነገር በፍጥነት ስለሆነ እግርና ዓይን ከእጅ ቀድመው ይሄዳሉ። ጉልበት የመጨረሻ ላይ ስለሚሄድ አሥራ ሁለት ሰዎችን አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋጋው የመጣው። በኦክቶበር 1987 ሲድኒ ሄዶ ከአውስትራሊያዊው ጄፍ ፌነክ ጋር ተጋጠመ፤ በጭንቅላት ለጭንቅላት ግጭት በተከፈተ ቁስል ግጥሚያው አራት ዙር ላይ ቆሞ ወደ ነጥብ ሲሄድ በነጥብ ተሸነፈ። በፌብሩዋሪ 1988 ደግሞ ዳንኤል ሳራጎሳ የተባለ የአገሩ ልጅ በአሥረኛው ዙር ጨረሰው። ይህ የሆነው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሻምፒዮን በሆነበት በዚያው በፎረም አዳራሽ ነው። ከሪንግ ውጭ ባሳለፈው ሕይወትም ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር ታግሎ እንደወጣ የታወቀ ነው። በ1994 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ካናስቶታ በሚገኘው የዓለም አቀፍ ቦክስ የክብር አዳራሽ ስሙ ገባ፤ ይገባዋልም፤ ነገር ግን ያ ክብር የተሰጠው ከ1979 በፊት ለሠራው ሥራ እንጂ በዚያ ምሽት ተቆጥቶ ስለሄደ አልነበረም።

ስለዚህ «ክብሩን ይዞ ወጣ» የሚለውን አልቀበለውም። ዛራቴ አልወጣም ነበር፤ በሩን በርግዶ ደጅ ቆሞ ነበር። ክርክሩ በልቡ ሳይዘጋ ሰባት ዓመት ሄደ፤ ለአንድ ቦክሰኛ ከ28 እስከ 35 ያለው ጊዜ ሊመለስ የማይችል ሀብት ነው፤ የተመለሰውም ሀብቱ ካለቀ በኋላ ነው። በ1979 በጋ ሰከን ብሎ ቢቀመጥ ሁለት ጥሩ መንገዶች ነበሩት። አንዱ ከፒንቶር ጋር እንደገና መጋጠም፤ ሌላው «ብዙ ሠርቻለሁ፣ ይበቃኛል» ብሎ በሰላም መተው። የመረጠው ሦስተኛውን፣ ተቆጥቶ መሄድን ነው፤ እሱንም የወሰኑለት ሁለት ዳኞች ነበሩ።

ልጅዎ ሌላ ምስክር ቢፈልግ፣ ዛራቴ ራሱ ያሸነፈው አንድ ሰው አለ፤ እሱም የጎረቤታችን የኬንያ ልጅ ነው። ፊሊፕ ዋሩንጌ በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ከሜክሲኳዊው አንቶኒዮ ሮልዳን ጋር በሜክሲኳውያን ፊት ተጋጥሞ 3 ለ 2 ተፈረደበት። የልጅዎ ቁጥር መሆኑን ልብ ይበሉ። ሮልዳን ወርቁን ወሰደ፤ ነገር ግን በዚያው ውድድር ከቦክሰኞች ሁሉ ላቅ ያለ ነው ለተባለው የሚሰጠው የቫል ባርከር ዋንጫ የተሰጠው ነሐስ ይዞ ለቀረው ለዋሩንጌ ነበር። ዋሩንጌ አልተወም። አራት ዓመት ቆይቶ ሙኒክ ላይ ፍጻሜ ደረሰ፤ እዚያም ከሶቪየቱ ቦሪስ ኩዝኔትሶቭ ጋር ተጋጥሞ እንደገና 3 ለ 2 ተሸነፈ። ይህ ደግሞ «ታገሥ፣ ሁለተኛው ይሠምርልሃል» ለሚል መካሪ የማይመች ታሪክ ነው፤ ስለማይመችም ነው ያመጣሁት። ዋሩንጌ በኋላ ጃፓን ሄዶ ፕሮፌሽናል ሆነ፤ በ1976 ከዛራቴ ጋር ለዓለም ሻምፒዮናነት ተጋጥሞ በአራተኛው ዙር ግጥሚያው ቆሞበት ተሸነፈ። ዕድሉ እንዲህ ሆኖም እስከሚችለው ድረስ ሄዶ አይቶታል። ልጅዎ ቢመለስ ዳኞች በሚቀጥለው ጊዜ ያስተካክሉለታል ብዬ ቃል ልገባለት አልችልም፤ ማንም አይችልም።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ፤ ቅር እንደማይሰኙብኝም ተስፋ አደርጋለሁ። በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ «በሆዴ ደስ ብሎኛል» የሚለው ነው። ደስታዎ ነውር የለበትም። የቦክስ አደጋ የእናት ቅዠት ብቻ አይደለም፤ ይኸው ፒንቶር ቀበቶውን ከዛራቴ በወሰደ በዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 1980፣ በእናንተው ከተማ በሎስ አንጀለስ ከዌልሱ ጆኒ ኦወን ጋር ተጋጥሞ በ12ኛው ዙር ዘረረው፤ ኦወን ራሱን ሳያውቅ ቆይቶ በኖቬምበር አረፈ። ከባድ ቡጢ ያለው ልጅ አባት ሁለት ዓይነት ፍርሃት አለበት፤ ልጄ ይመታብኛል የሚለውና ልጄ ሰው ይመታል የሚለው። ይህን ፍርሃት ለስምንት ዓመት ሳይናገሩ ይዘው ኖረዋል፤ አሁን ደግሞ እርስዎ ሊሉት ያልደፈሩትን ሦስት ዳኞች ስላሉልዎት ዝም ማለት አማረዎት። ይህ ዝምታ አያዛልቅም። ልጅዎ የሚተወው ተበድያለሁ ብሎ ከሆነ፣ አንድ ቀን በደሉን ለማስመለስ ይነሣል፤ ያ ቀን ደግሞ የዛራቴን የመሰለ ቀን፣ ማለትም ሠላሳውን ካለፈ፣ ሥራና ልጆች ከያዘ፣ እግሩም ከከዳው በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ለማስቆም የእርስዎ ሥልጣን አይኖርም።

የዛሞራን አባት ያነሣሁት ለዚህ ነው። እሳቸው ፎጣውን የወረወሩት ልጃቸው እያያቸው፣ አዳራሹም እያያቸው ነው፤ በዚያ ምሽት ልጃቸው ሊቆጣቸው ይችል ነበር፤ ግን ማን እንዳስቆመው ያውቃል። እርስዎም መቃወም ከፈለጉ በግልጽ ይቃወሙ። ልጅዎን ቁጭ አድርገው፣ «ያሸነፍከው አንተ እንደሆንክ ነው ያየሁት፤ ይህ አንድ ነገር ነው። እኔ ግን በዚህ ስፖርት ከመጀመሪያው ጀምሮ እፈራለሁ፤ ይህ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን አትቀላቅልብኝ» ይበሉት። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልሰማውን ነገር ሲሰማ ምናልባት ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። ከሦስት ሳምንት ዝምታ ቁጣው ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ተመለስም አትመለስም እንዳይሉት ነው የምመክረው። የሚጠይቁት ቀን ብቻ ይሁን፤ ለምሳሌ እስከ ሦስት ወር ድረስ ውሳኔ እንዳይወስን ይስማሙ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ግጥሚያ አይያዝ፤ ልምምዱን ግን ከፈለገ ይሥራ፤ ሰውነቱ በየቀኑ የለመደውን ነገር በአንድ ቀን ሲያጣ የሚሰማውን ድብርት ከቁጭት ጋር ሊያምታታው ስለሚችል። ምግብ አለመብላቱና አለማውራቱ ሳይሻሻል ከቀጠለ ግን ይህ የቦክስ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷልና ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት፤ ሦስት ወሩን አይጠብቁ።

የግጥሚያው ቪዲዮ ካለ ደግሞ አብራችሁ እዩት፤ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ እያንዳንዳችሁ ወረቀት ይዛችሁ፣ ዙር በዙር ነጥብ እየጻፋችሁ። የሕዝብ ጩኸት የዳኝነት ትልቁ ጠላት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይወቁ፦ በአማተር ቦክስ ግጥሚያው ሦስት ዙር ብቻ ነው፤ በንጽሕና ያረፈ ቀላል ቡጢና ሰው የሚያንገዳግድ ቡጢ ለብዙ ዳኞች የሚቀራረብ ዋጋ አላቸው። በዝረራ ማሸነፍ የለመደ ልጅ አንዷን ትልቅ ቡጢ ሲጠብቅ ሁለት ደቂቃ ሊያልፈው ይችላል፤ እሱ ስታርፍ ያስታውሳታል፣ ዳኛው ግን ያለፉትን ሁለት ደቂቃዎች ቆጥሯል። እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ልጅዎ የተማረው ነገር አለ። እንዲህ ካልሆነና በእርግጥ ተበድሎ ከሆነም፣ በደሉ በራሱ እጅ በተጻፈ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ከሕልም የወጣ ያህል ይቀልለዋል። ፒንቶር የዛራቴን ቡጢ እያየ ስላደገ አሥራ አምስት ዙር ቆመ፤ የልጅዎም ጓደኛ እንደዚሁ ልምምድ ላይ ሺህ ጊዜ ያየውን ቡጢ ማምለጡ ሊያስገርም አይገባም።

ስለዚህ ጓደኛው ግን በደብዳቤዎ ምንም አልጻፉም። እጁን ዳኛው ከፍ ሲያደርግለት ምን አለ? ከዚያ ወዲህ ደውሏል? በእኔ ግምት እሱም ሦስት ሳምንቱን ደህና አላሳለፈም፤ ያገኘው ዋንጫ አዳራሽ የጮኸበት ዋንጫ ነው። ዳኞቹን ልጅዎ አላገኛቸውም፣ አያገኛቸውምም፤ ይህን ልጅ ግን ያገኘዋል፤ ምናልባትም በአንድ ጎዳና ላይ ለብዙ ዓመታት ይተያያሉ።

ቦርሳው እዚያው ጂም ውስጥ አለ ብለውኛል። ሊያመጣው ቢሄድ ብቻውን አይሂድ፤ ቢፈቅድልዎ አብረውት ይሂዱ፤ በስምንት ዓመት ውስጥ የዚያን ቤት ደጃፍ ስንት ጊዜ እንደረገጡ ባላውቅም፣ አሠልጣኙን ሰላም ብለው አንድ ወንበር ይያዙ። የዛራቴን ፎቶም ይመልከቱት። ልጅዎ ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ ወይም ጓንቱን አውጥቶ እጁን ሲጠቀልል፣ የቱንም ቢያደርግ ያን ቀን አስተያየት አይስጡ፤ መኪናውን አስነሥተው ይጠብቁት።